አብላ ተፊዳና የሐሪዲ ኢሜይል

ተፊዳን የማያውቅ ሰው በትምህርት ቤታችን ኮሪደር ላይ ቢያያት የእስር ቤት ኃላፊ ትመስለዋለች። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። እኔና እሷ እዚህ ጊርጋ፣ ከካይሮ ርቃ ባለች የወንዝ ዳር ከተማ፣ በወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን አርጅተናል። እኔ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፣ እሷ ኮምፒውተር። ስለዚህ በደንብ አውቃታለሁ ብል አልተሳሳትኩም። እጇን ወደ ኋላ የምታጣምረው ለኩራት አይደለም። የተማሪውን ሥራ እንዳትሠራለት ራሷን ማሰሯ ነው።

ይህ አመል የመጣው ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ነው። ተፊዳ ወጣት ሳለች የታይፕ አስተማሪ ነበረች። የንግድ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ጣታቸው ሲሳሳት ጎንበስ ብላ ቁልፉን ትጫንላቸው ነበር አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደቁ። ተፊዳ ያን ክረምት ሙሉ ስትበሳጭ ከረመችና ከዚያ ወዲህ የተማሪ ዕቃ ላይ ጣቷን አሳርፋ አታውቅም። በኋላ ኮምፒውተሮች ወደ ትምህርት ቤታችን ሲመጡ፣ ዳይሬክተራችን እነሱም ፊደል የሚመታባቸው ናቸው ብሎ ለእሷ አስረከባት። እሷም ከባዶ ተምራ፣ ለሌላው አስተማሪ ሁሉ አስተማሪ ሆነች። እኔን ራሴን ስታስተምረኝ እጇ ከኋላዋ ነበር። አንድ ፋይል ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን አስለቅሳኛለች።

በዚያ ዓመት ከበላይ አዲስ መመሪያ መጣ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ በትምህርት ቤቱ በኩል የራሱ ኢሜይል ይኖረዋል። የዓመቱን ማጠቃለያ ጽሑፍ የሚልከው በዚያ አድራሻ ብቻ ነው። በሌላ መንገድ የመጣ አይታረምም፤ ያልላከ ዓመቱን ይደግማል። ዳይሬክተራችን ወረቀቱን ለተፊዳ ሰጥቶ «ሐሙስ ማታ ያበቃል፣ እግዜር ይርዳሽ» ብሎ ወደ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ።

ልጆቻችን ስልክ ጨብጠው የተወለዱ ይመስላሉ። ጭፈራ ይልኩበታል፣ ኳስ ያዩበታል፣ የመምህራንን አረማመድ እየቀረጹ ይሳሳቁበታል። ኢሜይል ግን ለእነሱ የሽማግሌ ዕቃ ነው። «አብላ፣ ይቺ ጅራቷ የተጠቀለለ ፊደል የት ነው ያለችው?» ይላል አንዱ፤ እዚህ ሴት አስተማሪ አብላ ነው የምትባለው። ሌላው፣ ጨዋ ቤተሰብ ያሳደገው ልጅ፣ አንድም ነገር የአላህን ስም ሳያስቀድም አይጀምርምና የአድራሻው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቢስሚላህ ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም ሲለው በጣም ተቆጣ። «አብላ፣ ይሄ ዕቃ እምነት የለውም እንዴ?»

«እምነቱ በልብህ ይሁን፣ ሳጥኑ ውስጥ የተማሪ ቁጥርህን ጻፍ» አለችው ተፊዳ፣ እጇ ከኋላዋ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ሳቅ ነበር። ቁጥር ጻፉ፣ ፓስወርድ ቀየሩ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ጀመሩ። ቀጥሎ ግን የመጨረሻው ገጽ መጣና ጣት ሁሉ ከኪቦርዱ ተነሣ። ገጹ ላይ የቆመው ጥያቄ አንድ ነው፤ የእናትህ ስም ማን ነው? መልሱ በመዝገብ ካለው ጋር ካልገጠመ አካውንቱ አይከፈትም።

ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ካይሮ ተቀምጦ ነው፣ እምላለሁ። የእኛን አገር ሰው ቢያውቅ የጫማ ቁጥሩን ይጠይቀው ነበር እንጂ እናቱን አይጠይቀውም። እዚህ የሴት ስም ከቤት አይወጣም። የሰው እናት የእገሌ እናት ናት፤ በሠርግ ጥሪ ላይ እንኳ ሙሽራዋ የእገሌ ልጅ ተብላ ነው የምትጻፈው። የአንድ ልጅ እናት ስም ጓደኞቹ እጅ የገባ ዕለት ኳስ ሜዳ ላይ በዚያ ስም ይጠሩታል፤ እሱ ደግሞ ድንጋይ ያነሣል። ስለዚህ አርባ ልጅ አርባ ውሸት ጻፈ። የተዋናይት ስም የጻፈ አለ። «ሐጃ» ብሎ ብቻ የጻፈ አለ። ሻዝሊ የሚባለው ቀልደኛ ጃኬቱን አውልቆ ስክሪኑን ሸፈነና እውነተኛውን ሊጽፍ ሲል ጎረቤቱ አንገቱን አሰገገ። የሆነውን ምን ልንገራችሁ፤ ሁለት ወንበርና አንድ ኪቦርድ ተሰበረ። እኔ ከጎረቤት ክፍል ሮጬ ገብቼ ገላገልኩ።

ተፊዳ አልጮኸችም። ሰሌዳው ፊት ቆመችና «ስሙኝ» አለች። «የእኔ እናት ስም ነፊሳ ነው። ነፊሳ ስምንት ልጅ አሳድጋ፣ ለስምንታችን ዳቦ ጋግራ ሞተች። ስሟን ስጠራ የወደቀ ጣሪያ አለ?»

ማንም አልሳቀም። ልጆቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። እሷም በዚያ አላበቃች፣ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ኡስታዝ ወጂህ፣ ተራው የእርስዎ ነው። የእናትዎ ስም?»

ተማሪ ፊት ኡስታዝ፣ ማለትም መምህር፣ እያለች አንቱ ትለኛለች። እኔ ጸጉሬን በጠመኔ ያሸበትኩ ሰው፣ ፊቴ በርበሬ መሰለ። «ተፊዳ፣ በእግዜር፣ እኔን ተዪኝ» ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ የተሰማው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለነገሩ ሳቁ ጠቀማት። ልጆቹ ከሳቁ በኋላ ሥራውን ያዙት።

በማግስቱ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ እያስገባች፣ እሷ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ገብቶ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይወጣል። ለዚያ ቀን የተቆለፈበት በማግስቱ ይመለሳል። ዳይሬክተሩ «ስሙን ከመዝገብ አይተሽ አንቺው ሙዪላቸውና እንገላገል» አላት። «የማን ኢሜይል ነው? የእኔ?» አለችው። እንደዚህ ጥርሷን ነክሳ ሰንብታ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያልተከፈተለት አንድ ልጅ ብቻ ቀረ፤ ሐሪዲ።

ሐሪዲ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከተራራው ሥር ካለ መንደር የሚመላለስ ልጅ ነው። ማጠቃለያ ጽሑፉን ለእኔ ትምህርት ነበር የጻፈው። በመንደሩ የሚያልፉ ቦዮች ድሮ እንዴት ይሄዱ እንደነበርና አሁን ለምን እንደደረቁ ሽማግሌዎችን ጠይቆ ጽፎታል። አንብቤ ስጨርስ ደግሜ አነበብኩት፤ ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ አላየሁም። ታዲያ ይህ ልጅ ዓመት ቢደግም አባቱ ወስኗል፤ ከአጎቱ ጋር ካይሮ ሄዶ ግንባታ ላይ ብሎኬት ይሸከማል። ሐሪዲ ራሱ ነው የነገረኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሆኖ።

ያን ዕለት ተፊዳ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ሐሪዲ፣ ማንም አያይህም። ጽፈህ ውጣ።»

«ጽፌያለሁ፣ አብላ።»

«ታዲያስ?»

«ስሕተት ነው ይላል።»

«ሰፈር የምትጠራበትን አይደለም። መታወቂያዋ ላይ ያለውን።»

የቁልፍ ድምፅ አልተሰማም። ተፊዳ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ታፍራለህ? ሻዝሊ እንኳ ጨርሶ ሄደ።»

«አላፈርኩም» አለ። ከዚያ ቀና ሳይል «አላውቀውም» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባቱ የተፋቱት እሱ ጡት ሳይጥል ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በመሬት ተጣልተው ደም ሊፋሰሱ ደርሰው ነበር። አባትየው ከዚያ በኋላ የአባቱን አገር ለቆ፣ ሕፃኑን ይዞ፣ እኛ ዘንድ መጥቶ መሬት ተከራየ። እዚህ ሌላ ሚስት አገባ። የድሮዋ ሴት በዚያ ቤት ውስጥ እንደሌለች፣ እንዳልነበረችም ሆነች። የመንደሩ ሰው አያውቃትም፤ የሚያውቋት ሁለት ሽማግሌ ዘመዶች ቢኖሩም አፋቸው ተለጉሟል። ልጁ መጀመሪያ ያሳደገችውን የእንጀራ እናቱን ስም ሞከረ፣ ቀጥሎ የአያቱን። ከዚያ የመጣለትን ሁሉ። አሁን የቀረችው አንድ ሙከራ ናት። እሷም ከተሳሳተች አካውንቱ ጭራሹን ይዘጋል፤ የሚከፍተው ዋናው ቢሮ ነው፤ እዚያ የገባ ጉዳይ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ሐሪዲን ወደ ቤቱ ሸኝተን መምህራን ክፍል ተቀመጥን።

«ፋይሉ እዚሁ ቢሮ ነው ያለው» አልኳት። «አባቱ በእጁ ያመጣው የልደት ወረቀት ላይ የእናቱ ስም አለ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተሽዋል? ታዲያ ንገሪዋ ለልጁ!»

«ነገርኩት እንበል። ማታ አባቱ ማን ነገረህ ሲለው ምን ይላል? አብላ ተፊዳ? ሰውየው ትምህርት ቤት የቤቴን ሴት ስም አወጣ ብሎ ነገውኑ ያስወጣዋል። አንተ እዚህ አገር አይደለም እንዴ የተወለድከው?»

«እና ይዘጋበት?»

«ከአባቱ ይስማው። መኪናህ ትነሣለች?»

«ዛሬ?»

«ሐሙስ ነገ ነው፣ ወጂህ።»

መኪናዬ መነሣቷ ራሱ ተአምር ነበር። ሸንኮራ አገዳ ጫኝ ትራክተሮች በቦረቦሩት መንገድ እየነጠርን ሄድን። እኔ እየተነጫነጭኩ፣ እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት እያየች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው። «አባትየው እምቢ ቢለኝ ለልጁ እኔው እነግረዋለሁ፤ የሚመጣውም ይምጣ» አለች። ተፊዳ ስትፈራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አባቱ ዐብደል ራዲ ከአገዳው መሐል እጁን እያራገፈ መጣ። ሰፊ ሰው ነው፣ ጀለቢያውን ከፍ አድርጎ ወገቡ ላይ ሸጉጦታል። የልጁን መምህራን ሲያይ ፊቱ በራ። ወደ እንግዳ ክፍሉ አስገባን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ሚስቱ ሻይ እንድታፈላ ጮኸ። ሊጡ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚነሣው ትኩስ የፀሐይ ዳቦና አይብ መጣ። ሐሪዲ በሩ አጠገብ የእንጨት አግዳሚ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀመጠ። ተፊዳ ዳቦውን ቆርሳ፣ አመስግና፣ ኢሜይሉ ምን እንደሆነ፣ ነገ ካልተላከ ምን እንደሚሆን፣ ገጹ ምን እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ ነገረችው። የመጨረሻውን ስትነግረው የሰውየው ፊት ቅጭም አለ።

«አብላ» አለ፣ «ቤቴ ቤታችሁ ነው። ሻይ ጠጡ፣ ራት እዚህ ነው፣ አገዳም ጭኜላችሁ ትሄዳላችሁ። ያንን ግን አትጠይቁኝ።»

«የሐሪዲ አባት፣ እኔ ልስማ አላልኩም። ውጭ እወጣለሁ። ኡስታዝም ይወጣሉ። ለልጁ ብቻ ይንገሩት።»

«ያ ስም በዚህ ቤት አይጠራም። ምያለሁ።»

«ይሄ ልጅ ዓመት ይደግምልኝ ብለው ነው የማሉት?»

ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «እሺ፤ ስልኩን ይስጡኝ። እኔ እጽፈዋለሁ። ፊደል አላጣሁም።»

እኔ ተመስገን አልኩ። ስልኩን ከሐሪዲ ተቀብዬ ላቀብለው ስነሣ ተፊዳ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ሁለት እጇ ከኋላዋ ሄዷል።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን አይሆንም? የሚፈለገው መጻፉ አይደለም ወይ?» አለ ሰውየው።

«አካውንቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእሱ ነው። ስልኩ ቢጠፋበት መልሶ ይጠይቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ እርስዎን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሊዞር ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ዐብደል ራዲ አልሳቀም። ብድግ አለ።

«ይድገም እንግዲህ! ዓመቱን ይድገም!»

«ይድገም» አለች ተፊዳ፣ ካለችበት ሳትነቃነቅ። «ሲደግምም ይጠይቀዋል። ሦስት ዓመት ቢደግም ሦስት ዓመት ይጠይቀዋል። ካይሮ ብሎኬት ሲሸከም ደግሞ መታወቂያ ሊያወጣ ይሄዳል፣ እዚያም ይጠይቁታል። አላውቅም ይላል። የእናቱን ስም የማያውቅ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚሉት እርስዎ ያውቃሉ። እኔ አልናገረውም።»

ይህን ለእንደዚህ ያለ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ ዳቦውን እየበሉ! ዱላውን የት እንዳስቀመጠ በዓይኔ ፈለግሁ። ሰውየው ግን አልጮኸም። መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ ልጁን አየው። ሐሪዲ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መሬት አቀርቅሯል። እኔ ልጁ ሲያለቅስ አላየሁም፤ አላለቀሰምም። ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል።

ተፊዳ ተነሣች፣ ልትወጣ። «ይቀመጡ» አለ ዐብደል ራዲ። ሄደና ከልጁ አጠገብ በርከክ አለ። ሰፊ እጁን አፉ ላይ ጋርዶ፣ ጆሮው ሥር አንድ ነገር አለው።

ሐሪዲ አልጻፈም። ጣቱ ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አልሰማሁም፣ አባቴ።»

አባትየው ተነፈሰ። እንደገና ጎንበስ ብሎ፣ አሁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነገረው። እኔ ከማዶ ግድግዳ ተቀምጬ ሰማሁት። ተፊዳም ሰምታለች፤ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

«አልሰማሁም» አለ ሐሪዲ።

«ወሂባ!» አለ ሰውየው፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ። «ወሂባ! ወሂባ አልኩህ! እናትህ ወሂባ ናት!»

ከመጋረጃው ጀርባ የሻይ ብርጭቆ የምታጥበው ሴት እጇን አቆመች፤ ውኃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። እኔ አሁን ቀለጠ አልኩ። ትንሽ ቆይታ ግን «ጻፍ እንግዲህ፣ ልጄ» አለች። «ጻፈው። እንዳይዘጋብህ።» ያሳደገችው እሷ ናት፤ ድምፅዋ ግን ምንም አልጎደለውም።

ሐሪዲ ጻፈ። አንድ ፊደል፣ ሌላ ፊደል። ገጹ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ ግን በአፉ እያለው ነበር የሚጽፈው። ከዚያ ተጫነው። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ቀርፋፋ ነውና ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ዐብደል ራዲ ከበረከከበት አልተነሣም፣ ስልኩን እንደ ሐኪም ፊት ያየዋል።

«ተከፈተ» አለ ሐሪዲ።

«አሁን ጽሑፉን አያይዝ» አለች ተፊዳ። «አያይዝ የሚለውን ፈልግ። እኔ አላሳይህም፤ አስተምሬሃለሁ።»

አገኘው። አያያዘው። ቦዮቹ ሁሉ፣ የደረቁትም ያልደረቁትም፣ ሄዱ። ተፊዳ መነጽሯን አውልቃ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ከዚህ በኋላ የሚነገር ነገር ቢኖር የቤተሰቡ ነውና እኛ ልንሄድ ተነሣን።

ልጁ ግን ስልኩን አላስቀመጠም። ገና በርከክ ያለውን አባቱን ዞሮ አየው።

«አባቴ፣ በሕይወት አለች?»

ዐብደል ራዲ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ቆመ። ጀለቢያውን አራገፈ፣ የሚራገፍ ነገር አልነበረውም።

«አለች» አለ። «ከወንዙ ማዶ። በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሆንም።»

ሐሪዲ አግዳሚው ሥር ያለውን ጫማውን ፈልጎ ማሰር ጀመረ። አባቱም አልከለከለውም።